«ደህና ነኝ» ማለትን የከለከሉት የአቶ አሎንዞ ፕሩዊት የሕይወት ታሪክ

አቶ አሎንዞ ፕሩዊት ከአባታቸው ከአቶ ኢዜል ፕሩዊትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቨርኒስ ሂል እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1953 ሚሲሲፒ ውስጥ ግሪንዉድ አጠገብ ተወለዱ። የበኩር ልጅ ነበሩ፤ ይህንንም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም፣ ሌላውም እንዲረሳው አልፈቀዱም። ከሁለት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድማቸው ዴልበርት ተወለደ። ይህን የጻፈው እሱ ነው፣ ሌላ የሚጽፍ ስለጠፋ።

አባታቸው የብረት ፋብሪካ ሥራ አግኝተው በ1958 ቤተሰቡ ወደዚህ ከተማ ወደ ጌሪ መጣ። አቶ አሎንዞ በ1971 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በማዕረግ ሲያጠናቅቁ፣ ዴልበርት ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ ሳንባቸው የከዳቸውን አባታቸውን ያስታምም ነበር። ለፋሲካ ሙሉ ልብስ የሚገዛው ለአቶ አሎንዞ ነው። ለዴልበርት የሚደርሰው ክርኑ ካለቀ በኋላ ነው። ይህ የተጻፈው ሟችን ለማማት አይደለም። ክርኑ ግን አልቆ ነበር።

ከ1976 ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነዱ። በ1977 ከወይዘሮ ኧርሊን ሜብሪ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ታሚካ የምትባል ልጅ አፈሩ።

በ1994 ላማር የሚባል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በአውቶቡሳቸው ይመላለስ ነበር። ጠዋት ጠዋት «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደህና ነኝ፣ ጋሽ ሎንዞ» ይላል። አንድ ሰኞ እንደልማዱ ደህና ነኝ ብሎ ወረደ። የዚያኑ ዕለት ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። አቶ አሎንዞ ከቀብሩ ተመልሰው የዚህን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ቁልፍ ጠየቁና ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ወንዶች ልጆች ይሰበስቡ ጀመር።

ደንቡ አንድ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ «ደህና ነኝ» አይባልም። እንደዚያ ያለ ሰው ከሰንበት ትምህርት ቤት በመጣችው፣ ለአራት ዓመት ሕፃን በተሠራች ቀይ ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩን እየነካ ይቀመጣል፤ እውነቱን እስኪናገር አይነሣም። ልጆቹ ምሕረት የላቸውም። ማርኪስ ኦደም የሚባለው ረጅሙ ልጅ ሲቀመጥ «አንተ ቀጭኔ፣ ተጣጥፈህ ግባ!» «እግርህን ለጎረቤት አውሰው!» እያሉ ሳቁበት። ማርኪስም «አንዳንዴ ትንፋሽ ያጥረኛል። የምሞት ይመስለኛል» አለ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ዛሬ እሱ ራሱ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው፤ የአቶ አሎንዞን አስከሬን ከሚሸከሙት አንዱ ነው። ነገሩ ሠርቷል፤ አልክድም።

በ1996 ዴልበርትን ሚስቱ ጥላው ሄደች። ወንድሙን ፍለጋ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። አቶ አሎንዞ በልጆቹ ሁሉ ፊት «እንዴት ነህ ዴል?» አሉት።

«ደህና ነኝ።»

«ተቀመጥ።»

«አሎንዞ፣ እኔ የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነኝ።»

«ተቀመጥ አልኩህ።»

ተቀመጠ። ሚስቴ ሄደች ብሎ በልጆች ፊት ተናገረ። ሊነሣ ሲል ወንበሯ ከኋላው ተጣብቃ አብራው ተነሣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ «ጋሽ ወንበር» ሆኖ ቀረ። ዛሬ ጠዋት እንኳ ከእነዚያ ልጆች አንዱ፣ አሁን ልጆች ያሳደገ ሰውዬ፣ በር ላይ አቅፎኝ «አይዞህ ጋሽ ወንበር» ብሎኛል።

ባለፈው ጥቅምት አቶ አሎንዞ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ሲወጡ የእጅ መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ ተበስቶበት ነበር።

«ምን ሆነሃል?» አላቸው ዴልበርት።

«ደህና ነኝ።»

«እንግዲያው ወንበሯን ላምጣልሃ!»

«ወንበሯ ለልጆች ናት፣ ዴል» ብለው መውጣታቸውን ቀጠሉ።

የፕሮስቴት ካንሰር ነበር። ካወቁ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ለሚስታቸው አልነገሩም፤ ለልጃቸው አልነገሩም፤ ያንን ሁሉ ጎረምሳ ላናገሩበት ምድር ቤት አልነገሩም። ወይዘሮ ኧርሊን የሰሙት ሆስፒታል ውስጥ፣ ማዳን እንደማይቻል ሲነገራቸው ነው። አቶ አሎንዞ የካቲት 11 ቀን 2023 በተወለዱ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ።

የቤተ ክርስቲያናችን አንጋፋ እናት እማማ ሃቲ ይህ ሲጻፍ አጠገቤ ተቀምጠው «ልጄ፣ ‹ከአጭር ሕመም በኋላ› ብለህ ጻፈው። ሰው እንደዚያ ነው የሚጽፈው» አሉኝ።

«ሁለት ዓመት አጭር ነው እንዴ፣ እማማ?»

«ልጆቹ ይሰማሉ እኮ! ሰውዬው አባታቸው ነበር። አሁን ምን ብለው ያምኑታል?»

«እንዲሰሙ ነው የምጽፈው።»

እንዲህ ነው ልጆች። ጋሽ ሎንዞ ያስተማሯችሁ እውነት ነው። እሳቸው ግን ዋሹ፤ በዚያው ቃል ዋሹ፤ ውሸታቸውም ገደላቸው። ላማርን የቀበረው ቃል እሳቸውንም ቀበራቸው። ስለዚህ ሐኪም ቤት ሂዱ። ሳይብስባችሁ ተናገሩ። «ጋሽ ሎንዞ እንኳ አልተናገሩም» የምትል ምክንያት ከእናንተ እንዳልሰማ።

አቶ አሎንዞ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኧርሊንን፣ ልጃቸውን ታሚካን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ ልጆቼ ይሏቸው የነበሩትን፣ ቤተ ክርስቲያኑ በዚህ ዝርዝር ከወንድም በፊት ያስቀመጣቸውን የምድር ቤቱን ወንዶች፣ እንዲሁም ደህና ያልሆነውን ወንድማቸውን ዴልበርትን ትተው ሄደዋል።

ከቀብር መልስ ምግቡ የተዘጋጀው እዚያው ምድር ቤት ነው። ወንበሯን በሩ ላይ አስቀምጫታለሁ። እንዴት ነህ ተብሎ ደህና ነኝ የሚል፣ ሽማግሌም ሆነ ፓስተር፣ ሳይቀመጥባት ዶሮውን አይቀምስም።

ጌታ ነፍሳቸውን በእቅፉ ይቀበል። በደጁ ሲደርሱ «እንዴት ነህ አሎንዞ?» ይላቸዋል። ለእሱ እንኳ እውነቱን ይንገሩት። አሜን።