ስለተመረቀው መንገድና ስላመለጠኝ የአርባ ምንጭ በረራ

ለተከበሩ የመካኒሳው አዲስ መንገድ ምረቃ አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ሙሉ ጤና፣ ረጅም ዕድሜና ምንጊዜም የማይዘጋ መንገድ እመኝልዎታለሁ። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እናቴን ከቀበርኩ ገና አሥር ቀኔ ነው።

መንገዱ በተመረቀበት ረቡዕ ጠዋት ታናሽ እህቴ ዝማሬ ከአርባ ምንጭ ደውላ፣ «እማዬ ዛሬ ሰው ለይታለች፤ አንቺን ትጠራለች፤ ነገ እንዳትዪ» አለችኝ። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ በአየር ከሦስት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ቢፈጅበት ነው። ስለዚህ የከሰዓቱን ቲኬት ቆርጬ በጎረቤቴ በጆኒ ታክሲ ወጣሁ። የዘነጋሁት ነገር ቢኖር በእኔና በኤርፖርቱ መካከል ክቡርነትዎ መኖርዎን ነው።

እነሆ ምስጋናዬን በተራ እገልጻለሁ።

1ኛ. ቦሌን ያቀርብልናል ተብሎ ስንት ክረምት ጭቃውን የታገስንለትን መንገድ፣ ለማስመረቅ ሲሉ ስለዘጉልን አመሰግናለሁ። ጆኒ «ተዘግቷል እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አዲስ ኮፍያና ካናቴራ የለበሰው አስተናባሪዎ «ኧረ አልተዘጋም! እየተመረቀ ነው» ሲል ያስረዳበት ትህትና ከልቤ አይጠፋም።

2ኛ. ሻንጣዬን ይዤ በእግሬ ልለፍ ብዬ ብለምን፣ እናቴ እየሞተች ነው ብዬ ብናገር፣ ምንጣፉ በጫማዬ እንዳይቆሽሽ ገመዱ ጥግ ስላስቆሙኝ አመሰግናለሁ። እንዲያ ባይሆን ኖሮ «ርቀትን ድል ነስተናል» የሚለውን ንግግርዎን፣ ጭብጨባው አነሰ ብለው ከደገሙት ክፍል ጋር፣ እስከ መጨረሻው የመስማት ዕድል ባላገኘሁ።

3ኛ ብዬ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን ቁጥር አይገባለትም። ኤርፖርት ስደርስ አውሮፕላኑ ሄዷል። አርባ ምንጭ ላይ እናቴ ድምፁን ሰምታ፣ «ናዝሬት መጣች፤ የእግር ውሃ አሙቁላት» አለች። ዝማሬ እንደቀረሁ እያወቀች፣ «አዎ እማዬ፣ መጥታለች» አለቻት። እናቴም በሩን እያየች ሳይመሽ አረፈች። በማግስቱ ስደርስ ድንኳን ተተክሏል። እህቴ እስከ ዛሬ «ዋሸኋት» እያለች ታለቅሳለች። የዋሸሽው በክቡርነታቸው ፈንታ ነው ብላት አልሰማ አለችኝ።

ለእርስዎም እናት ዕድሜ ይስጥልኝ። የሚጠሩዎ ቀን መንገዱ ሁሉ ይከፈትልዎ፤ ይከፈትልዎታልም፤ ለእርስዎ ሲከፈት የሚዘጋው በእኛ ላይ ነውና።

ከማይጓደል አክብሮትና ከማይደርቅ ምስጋና ጋር፣
ናዝሬት እንግዳ
ከመካኒሳ

ማሳሰቢያ፦ ለቅሶ ተቀምጠን ሳለን የአክስቴ ልጅ ከኮሚቴዎ የፌስቡክ ገጽ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ሻንጣዬን ታቅፌ ሳለቅስ የተነሳሁት ነው፤ ከሥሩ «በመንገዱ መመረቅ በደስታ ያነቡ ነዋሪ» ይላል። ከኋላዬ ክቡርነትዎ ሪባን እየቆረጡ ይስቃሉ። አደራዎን፣ ፎቶውን ከገጹ እንዳያጠፉት። ሰዎች «እናትሽን ምን ገደላት?» ሲሉኝ የማሳያቸው እሱን ነው።