በሃይድሮጅን ወደ ሰማይ ስላረገው ሱሪዎ

ለተከበሩ የከተማችን የንጹሕ ኃይል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤናን፣ ለቢሮዎ ወንበር ምቾትን፣ ገና ብዙ የምርቃት ንግግር ለሚጠብቀው ጉሮሮዎም ብርታትን እመኛለሁ። እኔ ከአዲሱ የሃይድሮጅን ጣቢያዎ ጋር አንድ ግድግዳ የምጋራ ባለ ላውንደሪ ነኝ። ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፈው ለመክሰስ ሳይሆን ለማመስገን ነው፤ ምስጋናዬ ስለበዛም በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ውሃው። መሐንዲስዎ ጨዋ ሰው ናቸው። ጣቢያው ሲተከል ሱቄ ድረስ መጥተው፣ ማሽኑ ውሃን በኤሌክትሪክ ለሁለት እንደሚከፍል፣ ሃይድሮጅኑ ለአውቶቡስ ነዳጅ እንደሚሆን፣ ኦክስጅኑ ደግሞ ለእኛ ለጎረቤቶች እንደሚለቀቅ በትዕግሥት አስረድተውኛል። ቃላቸውንም ጠብቀዋል። ማሽኑ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከቧንቧዬ የሚወጣው አየር ብቻ ነው፤ ባለቤቴ ቧንቧውን በከፈተ ቁጥር በረጅሙ ስለሚተነፍስ ኦክስጅን ሳይሆን አይቀርም።

፪ኛ፦ ስለ መብራቱ። ማሽኑ ሲነሳ የሰፈሩ መብራት ድርግም ይላል። ካውያዬ የሙሽራ ሸሚዝ ላይ እንዳለ በርዶ ቀረ። አቤት ስንል ቢሮዎ ፈጥኖ ደረሰና ትልቅ የናፍጣ ጄኔሬተር አመጣ፤ ለእኛ ሳይሆን ለማሽኑ። ጭስ የሌለውን ነዳጅ ለማምረት የሚነሳው ጭስ ገመድ ላይ ያሰጣኋቸውን ነጭ አንሶላዎች ጥቀርሻ ሲያለብሳቸው፣ ደንበኞቼ «ይሄ የእኔ አይደለም፣ የእኔ ነጭ ነበር» እያሉ ይሟገቱኛል። ሥራ ስለፈጠሩልኝ አመሰግናለሁ፤ አንዱን አንሶላ ሁለቴ አጥባለሁ፤ ውሃ ሲገኝ ማለቴ ነው።

፫ኛው አማቴ ስለ ጄኔሬተሩ ጩኸት የተናገሩት ነው። በአደባባይ የሚጻፍ ስላልሆነ ዘልዬዋለሁ።

፬ኛ፦ ስለ ምርቃቱ ቀን። አስጌጮችዎ ትልልቅ ፊኛዎችን ከዚያው ከጣቢያው በወጣ ሃይድሮጅን ሞሉና ማሰሪያ ቢያጡ ከልብስ ማስጫ ገመዴ ጋር ቋጠሯቸው። እሳት በአቅራቢያው አለመኖሩ ደግ ሆነ። ገመዱ ላይ ግን ክቡርነትዎ ለዕለቱ ያስጠቡት ሱሪ ነበር። ሃይድሮጅን ከአየር እጅግ የቀለለ መሆኑን በንግግርዎ ሊያስረዱን ተዘጋጅተው እንደነበር ሰምቻለሁ፤ ሱሪዎ ቀድሞ አስረዳን። ገመዱ ተበጥሶ ሽቅብ ሲል እኔ የሱሪውን አንድ እግር ያዝኩ፣ ባለቤቴ ደግሞ እኔን ያዘ።

«ልቀቂው!» አለኝ።

«የኃላፊው ነው እኮ!» አልኩት።

«እሱ የኃላፊው ነው፤ አንቺ ግን የእኔ ነሽ!»

በትዳር ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሰምቼ ስለማላውቅ ክው ብዬ ለቀቅኩት። ሱሪዎም ሁለቱን እግሮቹን እያወዛወዘ፣ ማንንም ሳይሰናበት በጣሪያዎች ላይ አልፎ ሄደ። ክቡርነትዎ ያን ረጅም ንግግር ከባለቤቴ በተዋሱት ሱሪ፣ ቁርጭምጭሚትዎን ለነፋስ ሰጥተው በጽናት ማድረስዎ አንጀቴን በልቶታል። በማግሥቱ ግን ላውንደሪዬ «ለንጹሕ ኃይል የማይመች» ስለሆነ ከቦታው እንድነሳ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ልብስ ማጠብ ለንጽሕና እንደማይመች ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

፭ኛ፦ ስለ አውቶቡሱ፣ ይህችኛዋ ከልቤ ናት። በእርግጥም አይጮኽም፣ አያጨስም፣ ከጭራው የሚወርደው ጠብ ጠብ የሚል ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። ሰፈርተኛው «አይቸኩሌ» የሚለው ሹፌር ደጃችን ላይ እያቆመ ባልዲ እንድንደቅን ይፈቅድልናል። ተሳፋሪ «ኧረ እንሂድ!» ሲለው፣ «ትንሽ ይታገሡኝ፣ የባለ ላውንደሪዋ ባልዲ አልሞላም» ይላል። ከቧንቧችን የወሰዱትን ውሃ እንዲህ በጠብታ ስለሚመልሱልን ውለታዎ አይረሳም።

መሐንዲስዎ ባለፈው ሰሞን ሐፍረት ይዟቸው መጡ። ከፀሐይ ኃይል የሚሰበስቡት ፓነሎች ማሽኑን እንዲያንቀሳቅሱ የተገዙ ነበሩ፤ በምርቃቱ ግን ለእንግዶች የለስላሳ ጠረጴዛ ሆነው ከዋሉ ወዲህ መጋዘን ተኝተዋል። እሳቸው አንዱን አስፈቅደው፣ ጠርሙሶቹ የተዉበትን ክብ ምልክት ወልውለው ጣሪያዬ ላይ ሰቀሉልኝ። የሱቄ አምፖል በራ! ባለቤቴ እንደ ልጅ ሲያበራና ሲያጠፋ ዋለ። ስለዚህ የቀሩትን ጠረጴዛዎች ከጣቢያው ጣሪያ ላይ ያሰቅሉልን፤ ማሽኑም የክረምቱን ዝናብ በታንከር አጠራቅሞ ይጠጣ። ሃይድሮጅንዎን አልጠላሁም፤ ከእኔ ጉሮሮ ነጥቆ መጠጣቱን ነው የጠላሁት። ከቦታዬ ግን፣ ፊኛ ካላሰሩብኝ በቀር፣ አልነሳም።

ከቁርጭምጭሚትዎ በላይ ላለው ክብርዎ ሁሉ እጅ እየነሳሁ፣ ጎረቤትዎ ሆኜ ለመኖር የወሰንኩ፣

ባለ ላውንደሪዋ

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ጠዋት ከአውቶቡሱ ጭራ ሥር ከኋላዬ ተሰልፈው የነበሩት እናት ወላጅ እናትዎ መሆናቸውን ያወቅኩት ተራዬን ከለቀቅኩላቸው በኋላ ነው። ሰላም በይልኝ ብለዋል። ጀሪካናቸውን ሳሸክማቸው «ልጄ ውሃ መክፈል ተምሯል አሉ፤ ማካፈሉን ማን ባስተማረልኝ!» ሲሉም ሰምቻለሁ።