የአያቴ ቁርኣን ሲነበብ

ነሐሴ 6
ዝናቡ አላባራ ብሎ ዋለ። መካነ ሰላም ገበያ ደርሼ ጨውና ሳሙና ይዤ ተመለስኩ። ልጄ መርዋ ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት መጥታለች፤ ቤቱ ነፍስ ዘራ። መውሊድ ስለተቃረበ የአያቴን የሸህ ጀብሪልን ቁርኣን ከሣጥን አወጣሁ። በእጁ የጻፈው ነው። ሲጽፍ መልአክ ከራስጌው ቆሞ ነበር፣ አንዲት ፊደል አልሳተም ይባላል። በየዓመቱ ለእንግዳው የምናገረው እኔ ነኝ።

ነሐሴ 9
መርዋ ከአያቴ ቁርኣን ሱረቱ ረሕማን የሚባለውን ምዕራፍ ስትቀራ ቆየችና፣
“አባ፣ የሚደጋገመው መስመር ስንት ጊዜ ነው?”
“ሠላሳ አንድ። ማን የማያውቅ አለ?”
“እዚህ ሠላሳ ነው።”
በጣቴ ቆጠርኩ። ሠላሳ። እንደገና... ሠላሳ።
“ዝጊው!” አልኳት።
ምን አደረገች? ቆጠረች እንጂ።

ነሐሴ 10
ባሲማ፣ አላህ ይዘንላትና፣ አንድ ጊዜ “መልአኩን ማን አየው?” ብትለኝ ሦስት ቀን አኩርፌያት ነበር። ሚስቴን! አፉ በይኝ ሳልላት ሄደች... ምን ነበር የፈራሁት? መልአኩ ከሌለ ሁሉም አብሮ የሚናድ መስሎኝ?

ነሐሴ 12
ሸህ ሙእሚን ዘንድ ሄድኩ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቁርኣኑ ግን ሙሉው በቃላቸው ነው። እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ስል... ሳቁ!
“ተጽፎ ሲያልቅ በሐፊዝ፣ ሙሉውን በቃሉ በያዘ ሰው ፊት ይነበባል፤ ደንቡ ነው። አያትህ ሳያስነብብ ሞተ። እናንተ ደግሞ መልአክ፣ መልአክ ስትሉ ማን ደፍሮ ይመርምረው?”
“አሁን ቢነበብ... አላህን መፈተን አይሆንም?”
“የምንፈትነው አያትህን ነው። አያትህን አላህ አደረግኸው እንዴ?”
ወይ ጉድ! ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

ነሐሴ 24
ቁርኣኑን በሸህ ሙእሚን ፊት አንብበን ጨረስን! መርዋ ታነባለች፣ ሸሁ ያዳምጣሉ፣ እኔ መስመሩን በጣቴ እከተላለሁ። “ተመለሺ!” ሲሉ ጣቴን ወደ ኋላ እመልሳለሁ። አምስት ቦታ ስህተት ተገኘ። የጎደለውን መርዋ ጠርዙ ላይ ጻፈችው።
ስንመለስ፣ “አባ፣ ሸሁ በቃላቸው ማረማቸው እኮ ቃሉ ከሰው ሰው በደንብ መተላለፉን ነው የሚያሳየው። ከአላህ መምጣቱን አያሳይም” አለችኝ።
እውነቷን ነው። ለዚያ የማሳየው ነገር በእጄ የለም። አምናለሁ... በቃ። እንዲሁ አልኳት፤ ሳልቆጣ! ጭቃው ላይ ቆመን ሳቅን።

ነሐሴ 27
ወንድሜ ሀቢቡላህ ሰምቶ መጣ።
“መውሊድ ላይ እንዳትናገር! የአያታችንን ስም ልታጠፋ? መልአኩ ምን በደለህ?”
“ምንም። አላየሁትም እንጂ።”
ክው አለ። እኔም።

ነሐሴ 30
መውሊድ። ቁርኣኑን ይዤ ቆምኩ።
“አያቴ ሰው ነበር። አምስት ቦታ ስቷል፤ ሸህ ሙእሚን አርመውታል። መልአኩን አላየሁም። እስከ ዛሬ ግን እንዳየ ሰው ስነግራችሁ ኖሬያለሁ። አፉ በሉኝ።”
ሀቢቡላህ ተነስቶ ወጣ። ኋላ እሜቴ ኑርጃን ከሴቶቹ መካከል፣
“እኛም ቤት መልአክ የጻፈው አለ። ነገ ላምጣው?”
ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው!

ጳጉሜን 1
ሀቢቡላህ አልመጣም። እሜቴ ኑርጃን ግን ሳይረፍድ ደረሱ፤ ቁርኣናቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ ሌሎች ሁለት ሰዎችም የየራሳቸውን ይዘው። ወደ ሸሁ ቤት ወጣን። ደጃፉ ላይ እሜቴ ክንዴን ያዙኝ።
“ልጄ፣ ስህተት ቢገኝበትስ?”
“ደስ ይልዎታል” አልኳቸው።