የብዙ ቤተሰብ ቤት

ሰኞ፣ ታኅሣሥ

ሦስት ፎቅ ሲለኝ ምንም አልመሰለኝም። አቶ ሀብተ ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር ያለውን ቪላውን አፍርሶ ለቃኘው ጦር ሰፈር አሜሪካኖች የሚከራይ አፓርታማ ሊሠራ ይፈልጋል። ሰፈሩ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ተብሎ የተመደበ ነው። የእኔ ቦታ ወደ ብዙ ቤተሰብ መኖሪያ ይዛወርልኝ ነው የሚለው። ቦታውን አይቶ፣ ጎረቤት ጠይቆ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ አስተያየት መጻፍ የእኔ ሥራ ነው። ሰውዬው ጨዋ ነው። አይለማመጥም።

ምሳ ሳልበላ ዋልኩ። ቢሮ ውስጥ ጾም የያዝኩ መሰላቸው። ባለቤቴ አልማዝ በክረምት ከሞተች ወዲህ እንዲህ ነኝ፤ አልራብም፣ አልጠግብም። ነጠላዋ አሁንም በሩ ጀርባ ተሰቅሏል።

ማክሰኞ

ሄድኩ። ከአቶ ሀብተ በስተምዕራብ ያሉት ጎረቤት አንዲት መበለት ናቸው፣ አደይ ለተብርሃን። አደይ እዚህ እንደ እኛ እማማ ማለት ነው። የአሜሪካኖችን አንሶላ እያጠቡ ነው የሚኖሩት፤ ግቢው በሙሉ ገመድ ነው።

እዚህ አጠገብዎ የብዙ ቤተሰብ ቤት ቢሠራ ተቃውሞ አለዎት? አልኳቸው። ፊታቸው በራ።

«ኣይፋል፣ ወደይ። ብዙሕ ቤተሰብ በረከት እዩ። ጥሩ ነው።»

ተቃውሞ የላቸውም ብዬ ጻፍኩ። ሻሂ ሰጡኝ። ጠጣሁት፤ ስኳር ይኑረው አይኑረው እንጃ።

ረቡዕ

ጨረስኩ። መንገዱ ሰፊ፣ ፍሳሹ በቂ፣ ጎረቤት የተስማማ፤ ይፈቀድ። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ሥራ አለቀልኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሐሙስ

አለቃዬ የአጥሩን ርቀት አልጻፍክም ብሎ መለሰልኝ። ሜትሬን ይዤ ተመለስኩ። አደይ ለተብርሃን የአጥሩን ቁጥቋጦ በማጭድ ይቆርጣሉ። ምን እየሠሩ ነው? አልኳቸው።

«ለሕፃናቱ መንገድ። የሀብተ ቤተሰብ ከከረን ሲመጡ ዞረው እንዳይደክሙ። እኔም ብቻዬን ነኝ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ለእርሳቸው ቤተሰብ ማለት ዘመድ አዝማድ ነው። ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው፣ እኛ በወረቀት ቤተሰብ የምንለው፣ በእርሳቸው ቋንቋ ስድራ ነው። የሀብተ ዘመዶች ተሰብስበው ሊገቡ መስሏቸው ነው የተደሰቱት። ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ ወዲህ ሁሉም ነገር በአማርኛ ሆኗል፤ እኔም አማርኛዬን እንደ ሜትሬ ይዤ እዞራለሁ፣ ሰው ሁሉ በእርሱ የሚለካ ይመስል።

ነገርኳቸው። ብዙ ስድራ፣ የማያውቋቸው አሜሪካኖች፣ ሦስት ፎቅ፣ በምሥራቅ በኩል። ማጭዱን አስቀመጡና ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ።

«ከሰዓት ጉም ይመጣል። ልብስ የሚደርቅልኝ በጠዋት ፀሐይ ነው። እርሷን ከሸፈኑብኝ እንጀራዬ አለቀ።»

ልሄድ ስል፣ አንተስ ቤተሰብ አለህ? አሉኝ። ወሎ ዘመድ አለኝ አልኩ። «ስድራኸ?» አሉ። የለኝም፣ ሞታለች አልኩ። ለሰው በአፌ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። የሚያመኝ መስሎኝ ነበር። ሜትሬን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ።

ዓርብ

አስተያየቱን ለወጥኩ። ጎረቤት ይቃወማሉ፤ የጠዋት ፀሐይ ይጋርዳል፤ ከምድር ቤቱ በላይ አንድ ፎቅ ብቻ፣ እርሱም ከአጥሩ ርቆ።

አለቃዬ፣ ማክሰኞ የተስማሙ ዛሬ ተቃወሙ፤ የተገለበጡት ሴትዮዋ ናቸው ወይስ አንተ? አለኝ። የጠየቅኳቸው እኔ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ አልኩት። ለልብስ ማስጫ ተብሎ ፎቅ አይከለከልም አለ። ግን አልፈረመም፤ ለሰኞ አቆየው። አቶ ሀብተ ደረጃው ላይ አገኘኝና ሰላም ሳይለኝ አለፈ። አይፈረድበትም።

ቅዳሜ

ጠዋት የአልማዝን ነጠላ ከበሩ ጀርባ አወረድኩት። ለምን ዛሬ እንደሆነ አላውቅም። ወደ አደይ ለተብርሃን ይዤው ሄድኩ። አጥሩ ላይ የከፈቱትን ቀዳዳ አልደፈኑትም።

ሰኞ ምን ይሆናል? አሉኝ። አላውቅም፣ ፎቁ ላይቀርም ይችላል አልኳቸው። ነጠላውን ተቀብለው ጥለቱን ዳበሱ።

«የስድራኻ?»

«እወ» አልኩ በቋንቋቸው።

አጥበው ገመዱ ላይ አሰጡት። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ጉሙ ሳይመጣ ደረቀ። ሳሸተው ሳሙና ብቻ ነው፤ የእርሷ ሽታ የለም። እንባዬ መጣ። አደይ ለተብርሃን እንዳላዩ ሆነው አንሶላቸውን ማጠፍ ቀጠሉ።

በእግሬ እስከ ሰፈሬ ገዛ ባንዳ መጣሁ። ነጠላው ቤት እስክደርስ ይሞቅ ነበር።