ባለቤቴን በየማለዳው ከሞት ስለሚያስነሳው ኮምፒውተርዎ

ለተከበሩ የነዋሪዎችና የቤቶች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት (የት እንዳሉ ለጊዜው ባይታወቅም)

ክቡር ሆይ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ የሥራ ባልደረቦችዎና ዘወትር ባዶ ሆኖ የማየው የቢሮዎ ወንበር ሁሉም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ሥር የምገኝ ነዋሪ ስሆን፣ ከጓሮው ክፍል ጣራ በስተቀር በሁሉም ነገር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በጸሐፊዎ በኩል ላስገባ ብዬ በተመላለስኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ መሆንዎን በትሕትና ስለነገሩኝ፣ ምናልባት በስብሰባው መካከል ጋዜጣ የሚገልጡበት ፋታ ቢያገኙ ብዬ ነው።

ጉዳዬ በራሱ አጭር ነበር። የምንኖርበት ቤት ባለቤቴ ከአባቷ የወረሰችውና በስሟ የተመዘገበ ነው። ባለቤቴ ባለፈው ዓመት አርፋለች። የጓሮው ክፍል ቆርቆሮ በስብሶ ያፈሳል፤ በዚያ ክፍል ደግሞ በቅርቡ የወለደችው ልጄ ከሕፃኗ ጋር ትተኛለች። ቤቱ ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ በሌላኛው እኔ፣ ምድጃውና አማቼ ተጠጋግተን እናድራለን። አልጋውን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ስናዞር ከርመን አሁን የቀረን ደረቅ ቦታ ከበሩ ጀርባ ያለው ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ክፍሉ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ አልጋውን ይቅርታ ይጠይቃል። ዋናው ዝናብ ገና አልገባም። ጣራ ሠሪው ያለ ፈቃድ አልወጣም ብሏል፤ ባለፈው ጊዜ ያለ ፈቃድ በወጣበት ቤት እሱ ጣራው ላይ እንዳለ መሰላሉ ተወርሶበታልና አልፈርድበትም። ፈቃዱን ለማግኘት የቤቱ ባለይዞታ በአካል ቀርቦ ይፈርማል፤ ባለይዞታው በሕይወት ከሌለ ግን ሞቱ በጽሕፈት ቤትዎ ተመዝግቦ የትዳር ጓደኛው ይፈርማል። ደንቡ ግልጽ ነው። ለዚህ ግልጽነት አመሰግናለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያጋጠመኝን ደግሞ እንደ መምህር ልማዴ በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ።

1. ስለ ውስጠኛው ኮምፒውተር። ጽሕፈት ቤትዎ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ሲያስገባ፣ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው የምዝገባ ፕሮግራም ኮምፒውተሮቹን በሚያንቀሳቅሰው በአዲሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ አልከፈት ብሎ ነበር። የኮምፒውተር ባለሙያዎ፣ ሠራተኞቹ «ሐኪሙ» የሚሏቸው፣ ብልህ መላ አገኙ፤ በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ ልክ እንደ ድሮው ሆኖ የሚሠራ፣ በእጅ የማይዳሰስ ሌላ ኮምፒውተር ፈጠሩ። ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። የድሮው ፕሮግራም በዚህ ውስጠኛ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ እንደ ቀድሞው ይሠራል። እኔም ለጎረቤት ልጆች የጂኦሜትሪ መልመጃ የምሥልበትን የቆየ ፕሮግራም፣ አማቼ በገዛው አዲስ ላፕቶፕ ላይ የማስኬደው በዚሁ መንገድ ነው፤ ፕሮግራሙ በስክሪኑ መስኮት ውስጥ ተቀምጦ ዘመኑ አልተለወጠም ብሎ ያምናል፣ እኔም አላስረዳውም። ስለዚህ በሐኪሙ መላ ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ «ሽማግሌው አዲስ ነገር ስላልገባቸው ነው» እንዳይባል ነው።

2. ስለ ማደር። የመስኮት ቁጥር አንድ ሠራተኛ የሆስፒታሉን ማስረጃ ተቀብለው፣ እኔ እያየሁ የባለቤቴን ሞት መዘገቡ፤ ከልብ በመነጨ ድምፅም «ነፍስ ይማር፣ አባባ» አሉኝ። ወደ ፈቃድ ሰጪው ወደ መስኮት ሦስት ስሄድ ግን፣ አዲስ ምዝገባ አንድ ሌሊት ሳያድር እንደማይታመን ተነገረኝ። ማጭበርበርን ለመከላከል የወጣ መመሪያ ነው፤ ጥንቃቄዎን አደንቃለሁ። በማግስቱ ጠዋት ቀረብኩ። የመስኮት ሦስት ሠራተኛ ስክሪናቸውን አይተው፣ ባለይዞታዋ በሕይወት ስላሉ በአካል መጥተው እንዲፈርሙ ነገሩኝ። መምጣት እንደማትችል ስገልጽ፣ ታመው ከሆነ ውክልና ይስጡዎት ብለው መከሩኝ። ከመታመም አልፋለች ብላቸው ደግሞ «እንደሱ አይበሉ አባባ፣ እግዜር ያውቃል፤ ስንቱ ተነስቶ የለም እንዴ» ብለው አጽናኑኝ።

ወደ መስኮት አንድ ተመለስኩ። ሞቷ እንደገና ተመዘገበ፤ በማግስቱ እንደገና ተነሳች። ይህ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ በመቁጠር አላደክምዎትም፤ በመስኮት አንድ የሚሰጠኝ የሐዘን መግለጫ ከቀን ወደ ቀን እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ «ነፍስ ይማር፣ ቀጣይ!» ላይ መድረሱን ብጠቅስ ይበቃል።

3. ስለ ፎቶው። አንድ ስሕተት ሲደጋገም ምክንያቱን መፈለግ የቆየ ልማዴ ስለሆነ ትንሽ ሙከራ አደረግኩ። በመስኮት አንድ የስልክ ቁጥሬን አስለወጥኩ፤ ሲለወጥ በዓይኔ አየሁ። በማግስቱ ስጠይቅ የድሮው ቁጥር ተመልሶ ተቀምጧል። እንግዲህ ችግሩ በባለቤቴ ሞት ላይ የተለየ ጥላቻ እንደሌለው ተረዳሁና ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አግኝቼ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም በኩራት አስረዱኝ። ውስጠኛው ኮምፒውተር ሥራ በጀመረበት ቀን እንከን ስላልነበረው ፎቶ አንስተውታል። ፎቶ ሲባል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው አይደለም፤ ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ ከነመዝገቡ እንዳለ የሚይዝ ቅጂ ነው። ኮምፒውተሩ ቢበላሽ ወደ ፎቶው ይመልሱትና ጤነኛ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። በእርስዎ መመሪያ መሠረት ግን ቢበላሽም ባይበላሽም በየማለዳው ይመለሳል። የታመመ ቀን የለም፤ ሁልጊዜ ያው ጤነኛው ቀን ነው።

ነገሩን በእኔ ሙያ ልግለጸው። አንድ መምህር ተማሪዎቼ እንዳይሳሳቱ ብሎ በየማለዳው ደብተራቸውን እየሰበሰበ የመጀመሪያውን ቀን ባዶ ደብተር ቢያድላቸው፣ በክፍሉ ውስጥ ስሕተት አይኖርም። ተቆጣጣሪ ቢመጣም ንጹሕ ደብተር ያገኛል። እንዲህ ያለ መምህር ግን በእኔ ዘመን አላየሁም፤ ዕድገት አግኝቶ ወደ ቢሮ ሳይገባ አልቀረም።

4. ስለ ጎረቤቴ። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ በዚህ ዓመት አግብቶ ጋብቻውን በጽሕፈት ቤትዎ አስመዝግቧል። አሁን ሚስቱ በተኮራረፉ ቁጥር «ቆይ ይንጋ ብቻ፣ ማን እንደሆንክም አላውቅህም» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። እኔ ግን መዝገብዎን ስላየሁ አልስቅም።

5. ስለ ማስታወቂያ ሰሌዳው። ከዋናው በር በስተግራ በተሰቀለው ዓመታዊ ሪፖርትዎ ላይ፣ በዓመቱ ውስጥ አንድም ሞት እንዳልተመዘገበና ይህም የአገልግሎቱን መሻሻል እንደሚያሳይ ተጽፏል። እንኳን ደስ ያለዎት። ከሥሩ ባለው መስመር አንድም ልደት እንዳልተመዘገበ ተጽፏል፤ እሱ ላይ ግን አስተያየት አልሰጡም። በእኔ ቤት ብቻ እንኳ፣ በመዝገብዎ መሠረት የሞተችው ባለቤቴ አለች፣ ስታለቅስ ሰፈሩን የምትቀሰቅሰው የልጅ ልጄ ደግሞ ገና አልተወለደችም። ከዚህ የምንረዳው፣ ከጣራው የሚንጠባጠበው ውሃ በማንም ሕፃን ላይ እንደማያርፍ ነው።

6. ስለ ፊርማ። ሐኪሙ እንዳረጋገጡልኝ መፍትሔው እጅግ ቀላል ነው። ጠዋት ወደ ፎቶው መመለሱን መተው፣ ማታ ሲዘጋ ደግሞ የዕለቱን ሥራ ማስቀመጥ ነው፤ ፎቶው ለክፉ ቀን ይቀመጣል። አንድ ሁለት ጊዜ ጠቅ ማድረግ እንጂ ሌላ ድካም የለውም። ነገር ግን በእርስዎ ፊርማ የወጣው መመሪያ «ጤነኛ የሆነው አሠራር በምንም ምክንያት አይነካ» ስለሚል እጃቸው ታስሯል። መመሪያውን ለማሻሻል የእርስዎ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ለፊርማው ደግሞ እርስዎ ያስፈልጋሉ። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የጓሮዬ ጣራ በሁለት ሰዎች ፊርማ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንዷ ያረፈችው ባለቤቴ ናት፣ ሁለተኛው እርስዎ ነዎት። ከሁለታችሁ ማን ቀድሞ በአካል እንደሚቀርብ ለማስላት ሞክሬ ነበር፤ ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩት ሒሳብ አልበቃኝም።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ያበቃል። ከቅሬታ የማልቆጥረውን አንድ ነገር ግን ልጨምር። ፎቶው የተነሳበትን ቀን አውቀዋለሁ፤ እዚያው ነበርን። አዲሱ አሠራር ሲመረቅ እኔና ባለቤቴ የቤት ቁጥራችንን ለማስተካከል መጥተን ነበር። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ሪባኑን ምክትልዎ ቆረጡ፤ የመጀመሪያዋ ተገልጋይም ባለቤቴ ሆነች። አግዳሚ ወንበራችሁ ወገብ ይሰብራል ብላ ምክትልዎን ወቀሰች፤ ሐኪሙን ደግሞ ምሳ መብላታቸውን ከጠየቀች በኋላ «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ነገስ ያስታውሰኛል?» አለቻቸው። እሳቸውም ሳቅ ብለው «እማማ፣ እርስዎንማ መቼም አይረሳም» አሏት። ወዲያው ፎቶው ተነሳ። ቃላቸውን ጠብቀዋል። በየማለዳው መስኮት ሦስት ሲከፈት፣ በስሟ ትይዩ «በአካል ቀርበዋል» ይላል።

ይህን ለልጄ ስነግራት ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ከቢሮዎ በተመለስኩ ቁጥር «ዛሬስ እማዬ እንዴት አደረች?» እያለች ትጠይቀኛለች። ለቀልድ የጀመረችው ነው። አሁን ግን መልሴን ሳትሰማ ዓይኗን ከእኔ ላይ አታነሳም። እኔም «ደህና አድራለች» ማለት እየከበደኝ፣ «ሞታለች» ማለትም በየቀኑ አዲስ መርዶ እየሆነብኝ፣ በቀጥታ ወደ ጣራው ወሬ እገባለሁ። አንድን ሰው አንድ ጊዜ መቅበር በቂ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ መመሪያው ይሻሻልልኝ ብዬ የምለምነው ለጣራው ብቻ አይደለም።

የምጠይቀውም ይኸው ነው። ማለዳ መመለሱ ይቁም፤ ማታ ሥራው ይቀመጥ፤ እስካሁን የጠፋውም ሰው ሁሉ በእጁ ባለው ወረቀት መሠረት እንደገና ይመዝገብ። የልብስ ሰፊው ጋብቻ፣ የልጅ ልጄ ልደትና የባለቤቴ ሞት አንድ ሌሊት ይደሩ፤ ከዚያ በኋላ ጣራ ሠሪው ከነመሰላሉ ዝግጁ ነው። ያ ፎቶ ለእኔ ሲባል ተለይቶ ይቀመጥ አልልም። በዚያ ቀን እኔም ነበርኩ፤ ለማስታወስ ኮምፒውተር አያስፈልገኝም።

ስብሰባዎ ፍሬያማ እንዲሆን፣ ጉሮሮዎ እንዳይደርቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተቀመጡበት አዳራሽ ጣራው እንዳያፈስብዎ እየተመኘሁ፣ ማታ የማይጠፋና ጠዋት እንደ አዲስ የማይጀመር አክብሮቴን አቀርባለሁ።

በመዝገብዎ ሚስቱ ያለችለት፣
በቤቱ ግን ያጣት፣
ጡረተኛው የሒሳብ መምህር

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ጨርሼ ለእርማት ሳነበው አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ፎቶው የተነሳው እርስዎ ስብሰባ ላይ በነበሩበት ቀን ነው። ጽሕፈት ቤትዎ በየማለዳው ወደዚያ ቀን የሚመለስ ከሆነ፣ ወንበርዎ ላይ አለመገኘትዎ የእርስዎ ጥፋት ሊሆን አይችልም፤ እስካሁን በልቤ ስላማሁዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ። አዲስ ፎቶ የሚነሳ ከሆነ ግን፣ እባክዎን በዚያች ዕለት ብቻ ቢሮዎ ገብተው ትንሽ ይቀመጡ። ከዚያ በኋላ ወደፈለጉበት ይሂዱ፤ እኛ በየማለዳው እናገኝዎታለን።