ወይን ከታችኛው መደርደሪያ

ሰኞ

ገፋው። አባዬ ብርጭቆውን በግራ እጁ ገፋውና ወይኑ ጋቢው ላይ ፈሰሰ። ጋቢውን ዘፍዝፌ ነው ይህን የምጽፈው። እድፉ የሚለቅ አይመስልም።

ስትሮክ ከመታው አራት ወር ሆነው። ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም፤ አንድ ቃል እንኳ ከአፉ አልወጣም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ፒያሳ አካባቢ አንድ የጣሊያን ምግብ ቤት ወይን የሚያቀርብ አስተናጋጅ ነበር። እጁን የምታሠራው ባለሙያ ባለፈው ሳምንት፣ በሥራው የለመደውን ነገር አቅርቢለት፣ አእምሮ የረሳውን እጅ ሊያስታውስ ይችላል አለችኝ። ስለ ወይኑ ሐኪሙን ጠየቅኩ፤ ከአንድ ጉንጭ እንዳያልፍ ብሎ ፈቀደ። የዓመት ፈቃዴን የወሰድኩት ለዚህ ነው። መሥሪያ ቤት ግን ቤት ላሳድስ ነው ብያለሁ።

የዛሬው ከቀበና ድልድይ አጠገብ ካለው ግሮሰሪ የገዛሁት ጣፋጭ ነገር ነው። ስኳር ስኳር ይላል። እኔም ብሆን እገፋው ነበር።

ጊዜ የለኝም። ወንድሜ ሰለሞን ትናንት እንደ ልማዱ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ተቀመጠና፣ “አባዬ የለም እኮ፣ ጽጌ። እኔንም አንቺንም አያውቀንም። ለማያውቅሽ ሰው ነው ዕድሜሽን የምትጨርሺው?” አለኝ። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ መጦሪያ አግኝቷል። የፊታችን እሑድ ፎርሙን ይዞ ይመጣል፤ ሁለታችንም እንድንፈርም ይፈልጋል። እስከዚያ ድረስ አባዬ እንዳለ ካላሳየሁት የምከራከርበት ነገር የለኝም።

ቁልፉን ሳይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰለሞን መንጃ ፈቃድ ካወጣ ጀምሮ፣ የመኪና ቁልፍ ይዞ ከተቀመጠ፣ ጠጥቶ እንዳይነዳ አባዬ ባዶ ብርጭቆውን ይገለብጥበት ነበር። ሥራ ቦታ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። እንግዳ የጠየቀውን አይከለከልም ይል ነበር። ለልጁ ብቻ ያወጣው ሕግ ነው። ሰለሞን በዚህ ስንት ጊዜ አኩርፎታል።

ማክሰኞ

መገናኛ ሄድኩ። የሱቁ አንድ ግድግዳ ሙሉውን የጣሊያን ቀይ ወይን ነው። ዐይን ትይዩ ከተደረደሩት የአንዱ ዋጋ የሳምንት አስቤዛ ይሸፍናል። ሻጩ ጣፋጭ ነው ደረቅ የምትፈልጊው አለኝ። ደረቅ ስለው፣ እንግዲያው ኮካ ቀላቅይበት ብሎ መከረኝ። አባዬ ይህን ቢሰማ የአራት ወሩን ንግግር በአንዴ ያወጣው ነበር።

እናቴ በሕይወት ሳለች አባዬ ሲነግራት የሰማሁትን አስታወስኩ። ኪያንቲ የሚሉት ወይን ላይ ግማሹ ዋጋ የስሙ ነው፣ ስሙ ያልገነነውን፣ እነ ባርቤራን፣ እነ ኔሮ ዳቮላን ፈልጊ ይላት ነበር። ጎንበስ ብዬ ታችኛውን መደርደሪያ አየሁ።

ባርቤራ፦ ዋጋው ደህና፣ ግን ክዳኑ የሚጠመዘዝ። አባዬ ቡሽ የሌለውን ከወይን አይቆጥረውም።
ሞንቴፑልቻኖ፦ ርካሽ። አንድ ብቻ ቀርቷል፣ መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ።
ኔሮ ዳቮላ፦ የለም። ሻጩ ሲግናል ሰፈር አንዲት ባለሱቅ ሴትዮ ጋ አይጠፋም አለኝ።

ሞንቴፑልቻኖውን ገዛሁ። አንገቱን ደግፌ ብርጭቆውን ወደ ከንፈሩ አስጠጋሁለት። ሽታው ሲደርሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ረቡዕ

ጾም ነው፤ ወይን አላወጣሁም። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ አባዬ ጋ ተቀመጡልኝና ወደ እንጦጦ ወጣሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ተደግፌ ብዙ ቆየሁ።

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ሰለሞን ልክ ቢሆንስ ብዬ ሳስብ ቀለለኝ። እስኪነጋ መተኛት፣ ቢሮ ተቀምጦ ስልክ በጮኸ ቁጥር አለመደንገጥ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ጸሎቴንም ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ቁልቁል ስወርድ አንድ ምግብ ቤት በር ላይ አስተናጋጇ ቆማ ትእዛዝ ትቀበላለች። እዚያው ቀጥ አልኩ። አባዬ ሌላው ቆሞ እሱ ተቀምጦ ጠጥቶ አያውቅም። ቤታችን እንኳ እኛን አስቀምጦ እሱ ነበር የሚቆመው። እኔ ግን እንደ ሕፃን አንገቱን ይዤ ላጠጣው እታገላለሁ። ማስተናገድ ያለበት እሱ ነው። ነገ እኔ እቀመጣለሁ።

ሐሙስ

ሲግናል ሄጄ ሴትዮዋን አገኘኋቸው። ሱቃቸው ጠባብ ነው። ወይኑን ከኋላ ጨለማ ክፍል ውስጥ አጋድመው ነው የሚያስቀምጡት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ፀሐይ ላይ የቆመ ወይን ገዝተሽ እንዳትጠጪ፣ ልጄ አሉኝ። ኔሮ ዳቮላቸው ከመገናኛው ሞንቴፑልቻኖ እንኳ ይረክሳል። የሲሲሊ ነው።

አባዬን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋሁት። ንጹሕ ነጭ ፎጣ ክንዱ ላይ ጣል አደረግኩ። የማክሰኞውንም የዛሬውንም ጠርሙስ ፊቱ አኖርኩ። የውጭ ልብሴን ለብሼ፣ እንደ እንግዳ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

ብዙ ጠበቅኩ። ከዚያ ግራ እጁ ተነሣ። የማክሰኞውን ጠርሙስ አሸተተና ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፋው። የዛሬውን ደግሞ የተለጠፈበት ወረቀት ወደ እኔ እንዲሆን አዞረልኝ። እሺ ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ። ቡሹን እኔ ነቀልኩ፣ እሱ አሸተተው። አንድ ጉንጭ የምትሆን ቀዳልኝ። ጠብታ አልፈሰሰም።

“ይቅመሱት፣ እመቤቴ” አለኝ።

ተጎትቶ ነው የወጣው፤ ግን ወጣ። ቀመስኩና ጥሩ ነው አልኩት። ያኔ ብርጭቆዬን እስከ ግማሽ ሞላልኝ።

ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስለተናገረ ነው። ስላላወቀኝም ነው። በኋላ የማክሰኞውን ቀመስኩት፤ አቼቶ ሆኗል። ለካ የገፋው መጥፎውን ወይን ነው፣ እኔን አልነበረም።

ዓርብ

ለሰለሞን ደወልኩ። ነግሬው ስጨርስ፣ “እመቤቴ ካለሽ እንግዲህ አላወቀሽም ማለት ነው” አለ።

ጾም ቢሆንም ጠርሙሱን አወጣሁ፤ ዛሬም እንደ ትናንቱ አደረገ። ወረቀቱን ማሳየት፣ ማሽተት፣ መቅዳት፣ እመቤቴ። እኔ ጽጌ ነኝ፣ ልጅህ ነኝ አልኩት። በአክብሮት ሰማኝና የጠርሙሱን አንገት በፎጣው ጠረገ።

ቅዳሜ

ጋቢው ደረቀ። እድፉ አለ። ሰለሞን ነገ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ ብሎ ጽፎልኛል።

እሑድ

ሰለሞን ፎርሙን በፖስታ ይዞ መጣ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። ምንም ሳትናገር ተቀመጥልኝ ብዬ ለመንኩት። ሁለት ብርጭቆ፣ ኔሮ ዳቮላው፣ ፎጣው።

አባዬ ለእኔ ቀዳ፤ ቀመስኩ፤ ሞላልኝ። ጠርሙሱን ወደ ሰለሞን ብርጭቆ ወሰደና እዚያ ሲደርስ ቆመ። ቁልፉን አየ። እጁ የደከመ መስሎኝ ልነሣ ስል፣ ጠርሙሱን ቀስ ብሎ አስቀመጠና የሰለሞንን ብርጭቆ ገለበጠው።

ሰለሞን ቁልፉን ኪሱ ከተተና ብርጭቆውን አቃናው። “ትንሽ እንኳ፣ አባዬ?” አለ። ድምፁ ያኔ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰሞን የነበረው ድምፅ ነው። አባዬ መልሶ ገለበጠበት። እንግዳ ቢሆን ኖሮ ይቀዳለት ነበር።

ሰለሞን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ቆየ። ስለ ፎርሙ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ሲሄድ ፖስታውን ሳይከፍተው ይዞት ወጣ፤ ይቅደደው፣ ያስቀምጠው፣ አላውቅም። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ “በሚቀጥለው እሑድ በታክሲ ነው የምመጣው” አለኝ።

ቀንቻለሁ። “አባዬ የለም” ያለውን ልጁን አወቀው፤ አጥባ የምታለብሰውን ሴት ልጁን ግን እመቤቴ ይላታል። ሰለሞንን ሸኝቼ ስመለስ ጠርሙሱን ይዞ፣ ወረቀቱን ወደ ባዶው ወንበሬ አዙሮ እየጠበቀኝ ነበር። ሄጄ ተቀመጥኩ።

ነገ አባዬን ለእትዬ በላይነሽ ትቼ ሥራ እገባለሁ። ስመለስ በሲግናል በኩል ማለፍ አለብኝ፤ ኔሮ ዳቮላው ሊያልቅ ነው።