ጠዋት ሃያ፣ ማታ ሃያ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1964

አሥራ ሁለተኛው ላይ አቆምኩ። የታዘዝኩት ሃያ ነበር።

ጀሶው የተፈታው ዓርብ ነው። እኔ ሞኙ ጀሶው ሲወልቅ ሚስቴ ሩቂያ ተነስታ የምትሄድ መስሎኝ አዲስ ጫማ ይዤላት ነበር ሆስፒታል የሄድኩት። ክረምት ላይ ከኢተያ ገበያ ስትመለስ የተሳፈረችበት የጭነት መኪና ተገልብጦ የተሰበረው ጭኗ ነው። እሱ ገጥሟል። አሁን ያስቸገረን ጉልበቷ ነው፤ ታስሮ ስለከረመ ደርቋል።

ሲስተር አልሸፋፈነችልኝም። «በዚህ ወር ካልተላቀቀ እንደደረቀ ይቀራል። ጠዋት ሃያ፣ ማታ ሃያ ጊዜ እርስዎ ያጥፉላት። ትጮኻለች፤ እንዳያቆሙ» አለችኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የማውቀው መለካት ነው። ከተረከዟ እስከ መቀመጫዋ በሜትሬ ለካሁ፤ 80 ሳንቲሜትር። ራሴ ወንበር ላይ ተቀምጬ ብለካ 60 ሆነ። ሃያ ሳንቲሜትር ብቻ ነው የሚቀረን። ብቻ ማለቴ ራሴን አሳቀኝ።

ካልታጠፈ የሚቀርባት፦ ደህና አድርጎ መቀመጥ። መስገድ። ሽንት ቤት ለብቻ መሄድ። ገበያ ወጥቶ ቅቤዋን መነገድ። ይህን ለእሷ አላነበብኩላትም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 4

ጠዋት አሥራ አምስት፣ ማታ አሥራ አራት። 79።

ሲጀመር በአማርኛ ትለምነኛለች። ከስምንተኛው በኋላ በኦሮምኛ ነው፤ «ና ዺሲ፣ ና ዺሲ» እያለች ትጮኻለች። ተወኝ ማለቷ ነው። የሞተችውን እናቴንም ዛሬ ከስድብ አልማረቻትም። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ።

ሴትዮዋን እወዳታለሁ። ይህን እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 5

ሃያ ሞላሁ! ጠዋትም ማታም። 78።

ደስ ብሎኝ በረንዳ ወጣሁ፤ ጎረቤታችን ዘሃራ ሰላምታዬን ሳትመልስ በሯን ዘጋች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሱሪ እንድሰፋለት ጨርቅ የተወልኝ የፍርድ ቤት ጸሐፊ መጥቶ «ጨርቄን መልስልኝ» አለ። ለክቼዋለሁ እኮ፣ ነገ ልቆርጠው ነበር። ምነው ስለው መሬት መሬቱን ያያል። ስፌቴ ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ የሰሞኑን ሥራ ሁሉ ገልብጬ አየሁ። ምንም የለበትም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 6

ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ፊት ፊት የሚሉት ኒካችንን ያሰሩልን ሐጂ ሱለይማን ናቸው። ተቀመጡና «ልጄ፣ በሽተኛ ሴት ላይ እጅ ይነሳል?» አሉኝ።

ሳቅሁ። ባልስቅ ይሻል ነበር።

ለካ ሰፈሩ ሁሉ ጩኸቷን እየሰማ ሚስቱን ይደበድባል ሲለኝ ነው የሰነበተው። ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ሲስተር፣ ስለ ሃያው አስረዳሁ። ሜትሬን ሳይቀር አሳየሁ። ሐጂ በትዕግሥት ሰሙኝና ወደ አልጋዋ ዞረው «ሩቂያ፣ እውነት ነው ወይ? ይመታሻል?» አሏት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ዝም አለች። ደግመው ጠየቋት፤ ዝም።

አይመታኝም ለማለት ስንት ቃል ይፈልጋል? ሰባት ዓመት አብረን ኖረን አንድ ቀን ክፉ አላናገርኳትም። አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ ጠላኋት።

የተወሰነው ይህ ነው፦ ታላቅ ወንድሟ አማን ቅዳሜ ከዴራ መጥቶ ይወስዳታል። እስክትድን እዚያ ትረፍ አሉ። እዚያ ማን ሊያጥፍላት? ይህን የሚሰማኝ አጣሁ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 7

ዛሬ እግሯን አላስነካችኝም። «አማን ቤት ማንም አይነካኝም» አለችና ተኛች። ከአደጋው ወዲህ እንዲህ ተኝታ አላየኋትም።

ሆስፒታል ሄጄ ለሲስተር ነገርኳት። «አንድ ወር ካረፈች ዕድሜ ልኳን ነው» አለች። ከጁምዓ በኋላ ይህንኑ ለሐጂ ሱለይማን አደረስኩ። እሳቸውም «ልጄ፣ ሲስተርህ ያለችውን አንተ ነህ የሰማህ። ጩኸቱን ግን ሁላችንም ሰምተናል» አሉኝ።

ጓዟን አዘጋጀሁ። ሁለት ቀሚስ፣ ጋቢ፣ ምርኩዞቿ፣ የጸሎት ምንጣፏ። ጫማውን ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 8

አማን ወደ ዴራ የሚወርድ የእህል መኪና ይዞ መጣ። ሰላም አለኝ፤ ውሃ ግን አልጠጣልኝም። ሐጂም መጡ። ቀኑ ገበያ ስለሆነ ሰው ቆሞ ያያል።

አንስተን ጋቢና ውስጥ አስቀመጥናት። እግሯ አልገባም። ቀጥ ብሎ በበሩ ወጥቶ ቀረ፤ ወደ ጎን ብንላትም፣ ወደ ኋላ ብንስባትም በሩ እንቢ አለ። ሾፌሩ «ከላይ ጆንያው ላይ እናስተኛት» አለ። አማን ተስማምቶ ሊያነሳት እጁን ሰደደ።

ሩቂያ ወደ ጆንያዎቹ ቀና ብላ አየች። ክረምት ላይ የወደቀችው ከእንደዚያ ካለ ጭነት ላይ ነው። ከንፈሯ ነጣ።

«ሁሴን፣ አጥፈው» አለች።

መንገዱ ላይ ተንበረከክሁና ያዝኩት። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ጮኸች፤ ገበያተኛው ከበበን። ሐጂ ክንዴን ሲይዙኝ እሷ እያለቀሰች «ይተዉት ሐጂ፤ መታ የምትሉት ይኸው ነው። ሌላ የመታኝ የለም» አለቻቸው። ክንዴን ለቀቁኝ።

ዘጠኝ ጊዜ አጠፍኩ። በሩ አልተዘጋም። መኪናው ያለ እሷ ሄደ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 9

79። ሁለት ቀን ሃያውን ሳንሞላ ቀርተን አንዱን ሳንቲሜትር መልሰን አጣነው።

ሐጂ ይቅርታ ሊጠይቁኝ መጥተው ማታ ሳጥፍ ቁጭ ብለው አዩ። ሰባተኛው ላይ አልቻሉም፤ ተነስተው በረንዳ ወጡ። እኔም መውጣት አማረኝ። ሃያ ሞላሁ።

እሳቸው ሲሄዱ አላስችል አለኝና ጠየቅኋት። ሐሙስ ዕለት ለምን ዝም አልሽ?

«ይመታኛል ብል ውሸት ነው» አለች። «አይመታኝም ብል ደግሞ ጠዋት ለሃያው ትመጣለህ።»

ጋቢዋን አለበስኳት። ጠዋት እመጣለሁ።